የበረዶው ሳምንት ዕቅድ

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ነው። ሙቀቱ ገና አልለቀቀንም፤ መብራትም ጠፍቶ ስለነበር ጅቡቲ፣ አርሂባ ሰፈር ካለችው ቤቴ በር ላይ ወንበር አውጥቼ ተቀምጬ ነበር። ከፈረንሳይ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። «ኑኑ፣ የካቲት ላይ ወደ በረዶ ተራራ እንሄዳለን፤ ስኪ። አንቺም አብረሽን ትመጫለሽ። ልጆቼ እንዲያውቁሽ እፈልጋለሁ» ይላል። ላቤን ጠርጌ ደግሜ ሰማሁት።

የላከችው ያሳደግኳት ልጅ ናት። አባቷ እዚህ በፈረንሳዮቹ ትምህርት ቤት፣ በሊሴ ያስተምር ነበር፤ እናቷ ሐኪም ናት። በሁለት ወሯ ተቀብያት ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላት ድረስ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተኝታለች። ኑኑ የምትለኝ ፈረንሳዮች ሞግዚትን እንዲህ ስለሚጠሩ ነው። አሁን ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ባልና ሁለት ልጆች አሏት፤ ወንዱ አምስት፣ ሴቷ ሦስት ዓመታቸው። ድሮ አማርኛ እንደኛ ትናገር ነበር፤ ዛሬ «እሺ»፣ «ነይ» እና «በቃ» ብቻ ቀርተዋታል። ከእኔ ጋር የምናወራው በፈረንሳይኛ ነው።

ወላጆቿ ሥራቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው ሲመለሱ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኝቻቸዋለሁ። እናቷ የምስክር ወረቀትና አንድ ፖስታ ሰጠችኝ። ልጅቱ የአውሮፕላኑን ትኬቶች ከአባቷ እጅ ወስዳ እያገላበጠች «የኑኑ ወንበር የቱ ነው?» አለችው። አባቷ አቀርቅሮ ሻንጣውን ማሰር ጀመረ። የታሰረ ሻንጣ ነበር። ይህ ከሆነ ሃያ ሰባት ዓመት አልፎታል። የመስከረሙ መልእክት ሲመጣ ልጅቱ ጥያቄዋን ያልረሳች፣ ወንበሩንም ራሷ ያገኘችልኝ መሰለኝ። ለሦስት ቀን ለማንም አልተናገርኩም።

የወለድኳት ልጅ ድሬዳዋ ናት። ሦስት ዓመቷ ሳለ ከእናቴ ዘንድ ትቻት ነው በባቡር የመጣሁት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ አላገኘሁም፤ የልጄ አባትም አልነበረም። ለሁለት ዓመት ብዬ ነበር የወጣሁት። እሷ እናቴን «እማዬ» እያለች አደገች። እኔን «እትዬ» ትለኛለች፣ ታናሽ ታላቋን እንደምትጠራ። በየዓመቱ ለዕረፍት ስሄድ «እትዬ መጣች» ብላ በር ትከፍትልኝ ነበር። ማንም አላረማትም፤ እኔም አላረምኳት።

በአራተኛው ቀን ደወልኩላትና ነገርኳት።

«በረዶ ላይ ምን ልትሠሪ ነው፣ እትዬ?» አለችኝ።

«እነሱ ይንሸራተታሉ፤ እኔ አያለሁ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ሳትጠራሽ ኖራ ዛሬ ምን ታያት?»

«ልጆቿ እንዲያውቁኝ ነው።»

«አሃ፣ ልጆች አሏት» አለችና ሳቀች። «ሠራተኛ አጥታ ነዋ።»

«እንዲህ አይባልም።»

«ቀልዴን ነው። ወፍራም ካልሲ ግዢ።»

ቀልዷን እንዳልሆነ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ስለ ጤናዋና ስለ ቤት ኪራይ ጠይቄያት ተሰነባበትን።

ያሳደግኳት ልጅ ሀብታም አይደለችም። እሷ ትምህርት ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ባሏ ገና ሥራ ከጀመረ ብዙ አልቆየም። በረዶ ሸርተቴ ደግሞ የገንዘብ ጨዋታ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ እየደወለች ታማክረኝ ጀመር። ሁሉን ነገር አንድ ላይ ከሚሸጥ ድርጅት ፓኬጅ እንግዛ ወይስ ቤቱንም፣ መኪናውንም፣ ጫማውንም በየራሱ ፈልገን በግላችን እንሂድ? ሐሳቧ ይህ ነበር። መማከሯ ደስ አለኝ። ከጅቡቲ የሚነሳውን የአውሮፕላን ትኬት በራሴ ገንዘብ እንደምገዛ ነገርኳት፤ እንግዳ ብሆንም ሸክም መሆን አልፈለግሁም። ዋጋውን ለመጠየቅ መሀል ከተማ ወዳለ አንድ የጉዞ ወኪል ቤት ሄድኩ።

ቢሮው ፎቅ ላይ ነው። ከቀትር በኋላ ተመልሰው ሲከፍቱ ደረስኩ፤ ሰዎች ጫታቸውን ቅመው ወሬ የሚያምራቸው ሰዓት ነው። ሰውየው ሶማሌ ነው፣ ድሬዳዋ ያደገ። አማርኛው ጥርት ያለ ሲሆን እንደ ድሬ ሰው ትልቁንም ትንሹንም «አንተ»፣ «አንቺ» ነው የሚለው። እኔን ግን ለክብር «ኤዶ» ይለኛል፤ በቋንቋቸው አክስቴ ማለት ነው።

«ኤዶ፣ ሐጅ ነው ወይስ ዱባይ?» አለኝ፣ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ እያየ።

«ፈረንሳይ። የበረዶ ሸርተቴ።»

«ለማን?»

«ለኔ።»

«በዚህ ጉልበት?»

«ጉልበቴን መቼ አየኸው?»

«ደረጃውን ስትወጪ ሰማሁት እንጂ አላየሁትም» አለ። «በረዶ ከሆነ ያማረሽ ዓሣ ወደቡ ጋ በኪሎ ይሸጡልሻል። ቪዛም አይጠይቁሽ።»

ስቄ ተቀመጥኩ። ቀልዱን ሲጨርስ በደንብ አስረዳኝ። ወረቀትና እስክሪቢቶ አውጥቼ ጻፍኩ፦ አውሮፕላን፣ ከከተማ ተራራው ድረስ ያለው መንገድ፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ ጫማና ስኪ ኪራይ፣ በገመድ ወደ ላይ የሚያወጣው መኪና ትኬት፣ አስተማሪ፣ ኢንሹራንስ። ከዝነኛው ተራራ ይልቅ ከሥሩ ያለች ትንሽ መንደር መያዝ ወጪውን በጣም እንደሚቀንስ ነገረኝ። ምግብም ከታች ከተማ ገዝቶ መውጣት ነው፤ ላይ ሁሉ ነገር እሳት ነው አለኝ። ለማይንሸራተት ሰው ደግሞ የእግረኛ ትኬት የሚባል እንዳለ ከእሱ ተማርኩ። ርካሽ ነው። በገመዱ ተንጠልጥለሽ ትወጫለሽ፣ ከላይ ሆነሽ አገሩን ሁሉ ታያለሽ፣ ትወርጃለሽ አለኝ። ይቺን ከሥሯ አሰመርኩባት።

«ፓኬጅ ማለት ሠርግ ቤት ነው» አለኝ። «ትቀመጫለሽ፣ ይቀርብልሻል፤ ሙሽራውን ባታውቂው ማን ይጠይቅሻል። በግል የሚኬደው ግን ለቅሶ ቤት ነው። አንዱ ወንበር ያመጣል፣ አንዱ ውሃ ይቀዳል፣ አንዱ ድንኳን ይተክላል። ርካሽ ነው፤ ግን ማንም አይቀመጥም።»

«በግል የሚሄዱ ይመስለኛል።»

«ሕፃናት አሏቸው?»

«ሁለት። አምስትና ሦስት ዓመት።»

«እንግዲያው ፓኬጅ ይሻላቸዋል። የሕፃናት ማቆያው እዚያው ውስጥ ነው። ለብቻው ሲከፈል ከስኪው ይበልጣል። ካልሆነ የራሳቸው ሰው ሊኖራቸው ይገባል።»

ይህንንም ጻፍኩት። ሌላ ነገር አላሰብኩም።

በዚያው ሳምንት ያሰባሰብኩትን ሁሉ ለልጅቱ ነገርኳት። ፊቷን በስልኩ እያየሁ ነው የምናወራው። «ኑኑ፣ ከኔ ይልቅ አንቺ አወቅሽ» አለችና ሳቀች። የፓኬጁ ዋጋ በግል ከሚወጣው በሲሶ ይበልጣል አለችኝ። ባሏ ፓኬጁን ነበር የሚፈልገው፤ በዕረፍቴ ሰሃን አላጥብም ይላል። እሷ ገንዘቡ ከበዳት። እኔም በግል መሄዱን ወደድኩ፤ ምክንያቴ ግን ሌላ ነበር። በፓኬጅ የሚበላው በትልቅ አዳራሽ ነው፤ እያንዳንዱ ጠረጴዛ ቁጥር አለው። ቤት ከተከራየን ግን አምስታችንም አንድ ማዕድ ላይ እንቀመጣለን። ባሏን አይቼው አላውቅም። ልጆቿንም በስልክ ነው የማውቃቸው። እሷ ሰሃኑን ስታቀብል «ይቺ ናት ያሳደገችኝ» ስትላቸው ይታየኝ ነበር። ከዚያ በላይ የጠበቅሁት የለም።

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። «እኔ አበስላለሁ፤ ልጆቹንም እይዝላችኋለሁ። እናንተ ውጡና ተንሸራተቱ» አልኳት።

እኛ ዘንድ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያደገበት ያውቀዋል። የተጠራ ሰው እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም ይላል። ጠሪው ደግሞ «ኧረ በሞቴ፣ እንግዳዬ ነሽ፤ ተቀመጪ» ይላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ይገፋፋሉ። መጨረሻ ላይ እንግዳዋ ተነስታ ብታግዝም ደረጃዋ ታውቆላት ነው። ተናግሬ ዝም አልኩ፤ ተራው የሷ ነበር።

ልጅቱ ለአፍታ አየችኝ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞራ ለባሏ «ሰማህ፣ ኑኑ ልጆቹን ትይዝልናለች» አለችው። ተመልሳ «አዳንሽን» አለችኝ። ቀጥላም በአማርኛ «በቃ» አለች።

እምቢታው ዘግይቶ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። እያሰበችበት ሊሆን ይችላል፣ ከባሏ ጋር ተማክራ በሚቀጥለው ሳምንት «አይሆንም፣ አንቺማ ታርፊያለሽ» ትለኛለች አልኩ። እስከዚያው ተዘጋጀሁ። በየጠዋቱ ፀሐዩ ሳይበረታ ከአርሂባ እስከ ባሕሩ ዳር በእግሬ እሄድ ጀመር፣ ጉልበቴን ለማለማመድ። ካርቲዬ ሁለት የሚባለው ሰፈር ከአሮጌ ልብስ ሻጮች ዘንድ ጉልበት ድረስ የሚደርስ የሱፍ ካፖርት አገኘሁ። ሻጯ አልተከራከረችኝም። «ውሰጅልኝ እንጂ ዱዓ አደርግልሻለሁ፤ አራት ዓመት ተሰቅሎ ነው፣ ያየው ሁሉ ያልበዋል» አለችኝ። ቤት ወስጄ ለካሁት። መስታወቱ ፊት ትንሽ ቆምኩና ቶሎ አወለቅሁት።

ዕቅዱ የደረሰኝ በዓርብ ቀን ጠዋት ነው። ልጅቱ በአንድ ወረቀት ላይ በእጇ ጽፋ፣ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። በግራ በኩል ፓኬጅ፣ በቀኝ በኩል በግል ይላል። ጽሕፈቷ ድሮም ወደ ቀኝ ያዘነብል ነበር። መነጽሬን አድርጌ ከላይ ጀመርኩ።

መንገድ፤ በግል ሲሆን በራሳቸው መኪና። ምግብ፤ ከታች ከተማ ተገዝቶ። የኔን ምክር ተቀብላ ትንሿን መንደር መርጣለች። ስኪ ኪራይ፤ ለሁለት ትልልቅ ሰውና ለልጁ። በገመድ የሚያወጣው መኪና ትኬት፤ ሁለት። ማደሪያ፤ አንድ ክፍል ለባልና ሚስት፣ አንድ ክፍል ተደራራቢ አልጋና የሚዘረጋ ፍራሽ ያለው፤ ከጎኑ «ልጆቹ እና ኑኑ» ይላል። ሁለት ምሽት ደግሞ ምግብ ቤት፤ ለሁለት ሰው።

የሕፃናት ማቆያ የሚለው ከታች ነበር። ስድስት ቀን፣ ሁለት ልጅ። በፓኬጁ በኩል ከባድ ዋጋ ተጽፏል። በግል በሚለው በኩል ዜሮ ነው። ከዜሮው አጠገብ «ኑኑ» ብላለች።

የእግረኛዋን ትኬት ፈለግሁ። ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አየሁ። አልነበረችም።

ከወረቀቱ ሥር የሚተርፈው ገንዘብ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፣ የምትስቅ ትንሽ ፊት ተስላበታለች። ተከትሎ ድምፅዋ መጣ። «አየሽ ኑኑ፣ ይህ ሁሉ ባንቺ ነው» ትላለች። ደስ ብሏታል። ከኋላዋ ትንሿ ልጅ ትዘፍናለች።

ክፋት አልነበረባትም። ይህንን ያን ቀንም አውቄዋለሁ። የተሰጠውን የተቀበለ ሰው አልሰረቀም። አፌን ከፍቼ እኔው ነኝ የሰጠኋት። ልጅ ሳለች ሰው የሰጣትን በሁለት እጇ እንድትቀበልና አመስግና እንድትወስድ አስተምሬያታለሁ። እንደተማረችው አደረገች። እምቢ ማለትን ከየት ታምጣው?

ሁለት ቀን አሰብኩበት። ሥራ አልፈራም፤ ሕፃናት መያዝና ማብሰል የምችለው ነገር ነው። «ደመወዝ እከፍልሻለሁ፣ ነይና ልጆቼን ያዥልኝ» ብላኝ ቢሆን ኖሮ ዕድሜዬን አይቼ እሺ ወይም እምቢ እላት ነበር፤ ቅርም አይለኝ። ሠራተኛ ሆኜ ሰው ቤት እንዴት እንደሚገባ አውቃለሁ። እንግዳ ሆኜም እንዴት እንደሚገባ አውቃለሁ። በሁለቱ መካከል ባለው በር ግን መግባት አልቻልኩም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጻፍኩላት። ፈረንሳይኛዬ የሚበቃ ቢሆንም ከሰዓት በኋላው ሁሉ ፈጀብኝ። ፓኬጁን ውሰዱ አልኳት። ማቆያው የሠለጠኑ ሴቶች ያሉበት ነው፤ ልጁም ከእኩዮቹ ጋር ቶሎ ይማራል። በዚያ ሳምንት በረዶ ባይወርድ ወይም መንገድ ቢዘጋ የሸጠላችሁ ድርጅት ይጠየቃል፤ በግል ከሆነ የከፈላችሁት ለቤቱም ለኪራዩም ቀልጦ ይቀራል። ባልሽም ሰሃን አያጥብም። እኔ ግን ጉልበቴ ለብርድ የሚሆን ስላልመሰለኝ ልቅር አልኩ። የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነበር፣ ከጉልበቴ በቀር። ጉልበቴ በእግር ጉዞው ተሽሎት ነበር።

መልሷ አንድ ሰዓት አልሞላውም። «ኑኑዬ፣ አዝናለሁ። ግን ልክ ነሽ፤ ሁልጊዜም ልክ ነሽ። ባለቤቴም ደስ ብሎታል። ፓኬጁን ያዝነው፣ ለአራት። ሌላ ጊዜ ትመጫለሽ።» ቀይ ልብ አድርጋበታለች።

ለአራት። እንዴት ሆነሽ ነው፣ ምን አመመሽ ትለኛለች ብዬ ስልኩን እስከ ምሽት አጠገቤ አኖርኩት። አልጠየቀችኝም። ደክሟት ሊሆን ይችላል፤ የሁለት ሕፃናት እናት ናት።

ከዚያ ወዲያ የከበደኝ ለድሬዳዋዋ ልጄ መንገር ነው። ቪዛ ከለከሉኝ ብል ቀላል ነበር፤ የሚከለከለው ብዙ ነው፣ ማንም አያፍርበትም። በሚቀጥለው እሑድ ራሷ ደወለች። ከኋላዋ የባጃጅ ጩኸት ይሰማል፤ ከሥራ ወደ ቤት እየሄደች ነበር።

«ቪዛው ምን ደረሰ፣ እትዬ?»

«ተውኩት።»

«ከለከሉሽ?»

«አልጠየቅሁም። ፓኬጅ ይሻላችኋል አልኳቸው። የሕፃናት ማቆያ አለበት።»

«ብዬሽ አልነበረም?» እስክትለኝ ጠበቅሁ። አላለችም። ጩኸት ወደሌለበት ቦታ ፈቀቅ ያለች መሰለኝ።

«ልጆቹን እይዛለሁ ብለሻት ነበር እንዴ?»

«ብዬ ነበር።»

«እንዲያው በነፃ?»

«ለወጉ ያህል ነው ያልኩት።»

«ለወጉም ቢሆን» አለች። አልተቆጣችም። ድምፅዋ የሽንኩርት ዋጋ እንደሚነግር ሰው ነበር። «ለወጉም ቢሆን ለኔ ብለሽኝ አታውቂም። ሁለቱንም ጎረቤት ነው የያዘልኝ።»

መልስ ፈለግሁ። የመጀመሪያውን ስትወልድ ልብስና ገንዘብ ልኬያለሁ። ለክርስትናው ስድስት ቀን ቆይቼ ተመልሻለሁ፤ ያኔ የነበርኩበት ቤት እመቤት ከስድስት ቀን በላይ አልፈቀደችልኝም። ሁለተኛዋ ስትወለድ ደግሞ አዲስ ቤት ገብቼ ነበር፣ ፈቃድ መጠየቅ ፈራሁ። እናቴ በሕይወት ስላለች ልጆቹን የምትይዝ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ጊዜ እናቴ ዓይኗ እንደደከመ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ይህን ሁሉ በስልክ መናገር ምክንያት መደርደር መሰለኝና ተውኩት።

«እመጣለሁ» አልኳት። «ጠቅልዬ ልምጣና ልጆቹን ልያዝልሽ። አንቺ ሥራሽን ትሠሪያለሽ።»

«እትዬ» አለች ቀስ ብላ። «ትልልቅ ሆኑ እኮ። ትንሿም ስምንተኛ ክፍል ናት።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

አምስተኛ ትመስለኝ ነበር።